ምቹ ሪዶሚልን ለምዶት ይሆን? በድንች ቅጠል ቁራጭ የመፈተሻ አሠራር

ክረምት በገባ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይደርሰኛል። «ሪዶሚል ረጨን፣ ደገምን፣ ምቹ ግን አልቆመም። በሽታው መድኃኒቱን ለመደው ማለት ነው?» ጠያቂዎቹ አንዳንዴ ዲኤዎች (የግብርና ልማት ሠራተኞች) ናቸው። አንዳንዴ ዘር ድንች የሚያባዙ ማኅበራት፣ አንዳንዴም የመመረቂያ ጽሑፍ የያዙ ተማሪዎች። በስልክ «አዎ» ወይም «አይደለም» ብሎ መመለስ አይቻልም። ማሳ ላይ ቆሞ በማየትም አይታወቅም። የሚታወቀው ተፈትሾ ነው። ፍተሻው ደግሞ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ውድ መሣሪያ አይፈልግም። ያልተረጨ ቅጠል፣ ቀዝቀዝ ያለ ክፍል፣ በትክክል የተመዘነ ኬሚካል እና የሁለት ሳምንት ግድም ትዕግሥት ይበቃዋል።

መመሪያው ስለ አንድ በሽታ እና ስለ አንድ መድኃኒት ብቻ ነው። በሽታው የድንች ምች ነው፤ ባለሙያው ሌት ብላይት ይለዋል። አምጪው ፋይቶፍቶራ ኢንፌስታንስ ይባላል፤ ቲማቲምንም ያጠቃል። መድኃኒቱ ሜታላክሲል ነው። በሪዶሚል ውስጥ ያለው፣ ወደ ተክሉ ሥጋ ዘልቆ የሚገባው ንጥረ ነገር ማለት ነው።

መጀመሪያ ሌላውን ምክንያት አጣሩ

«መድኃኒቱ አልሠራም» የሚባለው ሁሉ መላመድ አይደለም። ቅጠል መቁረጥ ከመጀመራችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ። እዚሁ ላይ መልሱን የምታገኙት ብዙ ጊዜ ነው።

*በሽታው በእርግጥ ምች ነው?* ምች ብዙውን ጊዜ ከቅጠሉ ጫፍ ወይም ጠርዝ ይጀምራል። ቁስሉ ውሃ የጠጣ ይመስላል፣ ከዚያ ይጠቁራል። ማለዳ ጤዛው ሳይደርቅ ቅጠሉን ገልብጡት። በቁስሉ ዳር ዳር ስስ ነጭ ሻጋታ ካያችሁ ምች ነው። ከታችኛው ቅጠል የጀመረ፣ ደረቅ፣ ቀለበት በቀለበት የሆነ ቡናማ ነጥብ ከሆነ ግን ኧርሊ ብላይት ነው፤ እሱን ሜታላክሲል ድሮም አይነካውም። ቅጠሉ ሳይቆስል ተክሉ በቁሙ ከጠወለገ የባክቴሪያ አጠውልግን ጠርጥሩ። ማሳው በአንድ ሌሊት ከጠቆረ ደግሞ ውርጭ ሊሆን ይችላል።

*መጠኑ ልክ ነበር?* ሪዶሚል ጎልድ ኤምዜድ 68 በሄክታር 2.5 ኪሎ ነው የሚረጨው። በ500 ሊትር ውሃ ሲበጠበጥ በሊትር 5 ግራም ይሆናል። 16 ሊትር የሚይዝ የጀርባ ፓምፕ 80 ግራም ይፈልጋል። ለአንድ ጥማድ፣ ማለትም ለሩብ ሄክታር፣ 625 ግራም ነው። በቆርኪ ወይም በሾርባ ማንኪያ የተለካ ከሆነ መጠኑ አይታወቅምና ውጤቱም ስለ መላመድ ምንም አይነግራችሁም።

*መቼ ተረጨ?* ምች ቅጠል ውስጥ ገብቶ ለዓይን እስኪታይ ጥቂት ቀናት ይወስዳል። ስለዚህ ከርጭት በኋላ ባሉት ቀናት አዲስ ቁስል ብቅ ማለቱ አያስገርምም፤ በሽታው ቀድሞ ገብቷል። ማሳው ግማሽ በግማሽ ከተቃጠለ በኋላ የተረጨ መድኃኒት ደግሞ የለመደውንም ያልለመደውንም አያቆምም።

*ምን ተረጨ?* ለስንዴ ዋግ የሚሆነውን ቲልት ድንች ላይ የሚረጩ አሉ። የምች አምጪ እውነተኛ ፈንገስ አይደለም። ኦኦማይሲት የሚባል ሌላ ወገን ነው፣ ዝምድናው ከፈንገስ ይልቅ ወደ አልጌዎች ይቀርባል። ቲልት እና ዘመዶቹ የሚያጠቁት ፈንገሶች ለሴል ሽፋናቸው የሚሠሩትን ኤርጎስተሮል ነው። ይህ ተሕዋስ ኤርጎስተሮል አይሠራም። ስለዚህ ቲልትን አልለመደም፤ ከመጀመሪያውም አይሠራበትም።

በመጨረሻ ማሸጊያውን እዩ። የታሸገ ነበር? ጊዜው አላለፈበትም? ፈቃድ ካለው ሻጭ ነው የተገዛው? ተመዝኖ በፌስታል የተሸጠ መድኃኒት ከሆነ መጠርጠር ያለበት ራሱ መድኃኒቱ ነው።

ይህ ሁሉ ተጣርቶ ጥያቄው ካልተፈታ ወደ ፍተሻው እንሂድ።

የሱቁን ሪዶሚል በቀጥታ አትፈትሹ

ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

ሪዶሚል ጎልድ ኤምዜድ 68 ውስጥ ሁለት መድኃኒት አለ። 4 በመቶው ሜታላክሲል-ኤም ነው፣ 64 በመቶው ማንኮዜብ። ማንኮዜብ ቅጠሉ ላይ ተለጥፎ ይቆያል፤ ስፖሩን፣ ማለትም በሽታው የሚዛመትበትን ረቂቅ ዘር፣ ሳይገባ ይገድለዋል። ሜታላክሲል ግን ከገባ በኋላ ነው የሚይዘው፤ የተሕዋሱን ራይቦዞም ለመገንባት የሚያስፈልገውን አርኤንኤ እንዳይሠራ ያግደዋል። የሚለመደው ሜታላክሲል ነው። ማንኮዜብ በተሕዋሱ አካል ውስጥ ብዙ ቦታ ስለሚመታ እሱን መልመድ በጣም ከባድ ነው።

እንግዲህ የሱቁን ሪዶሚል በጥብጣችሁ ብትፈትሹ ማንኮዜቡ ስፖሩን ይገድላል፣ ቅጠሉ ንጹሕ ሆኖ ይቆያል፣ እናንተም «መድኃኒቱ ይሠራል» ትላላችሁ። ሜታላክሲሉ ግን ሙሉ በሙሉ ተለምዶ ሊሆን ይችላል። ማትኮም ሜታላክሲልን ከማንኮዜብ ጋር የቀላቀለ ስለሆነ ያው ነው። ለዘር ማሻ የሚሸጠው አፕሮን ስታርም ፀረ ተባይ እና ሌላ ፀረ ፈንገስ ስላለበት አይሆንም።

የሚያስፈልጋችሁ ሜታላክሲል ብቻ ያለበት ነው። ከላቦራቶሪ አቅራቢ የሚገኘው ንጹሑ ዱቄት ይመረጣል። ካልተገኘ ሜታላክሲል ብቻ የያዘ የዘር ማሻ፣ ለምሳሌ 35 በመቶ ዱቄት፣ ያገለግላል። መለያው ላይ «ሜታላክሲል» ነው ወይስ «ሜታላክሲል-ኤም» የሚለውን መዝግቡ። ኤም ያለበት ሥራ የሚሠራውን ክፍል ብቻ የያዘ በመሆኑ በክብደት ሲለካ በእጥፍ ግድም ይበረታል። ዘንድሮ በአንዱ፣ ከርሞ በሌላው ፈትሾ ውጤቱን ማወዳደር አይቻልም።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ሜታላክሲል ብቻ የያዘ ኬሚካል
- ሚሊግራም የሚለይ ሚዛን (በአቅራቢያ ያለ ዩኒቨርሲቲ ወይም መድኃኒት ቤት ቢያስመዝንላችሁ ይበቃል)
- የተጣራ ውሃ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለበት ስፖሩን ይገድላል
- 9 ሴንቲሜትር ፔትሪ ዲሽ፣ ወይም ክዳን ያለው ንጹሕ የፕላስቲክ ሳህን
- በፓምፕም ሆነ በነፋስ መድኃኒት ያልነካው የድንች ተክል በማሰሮ ወይም በባልዲ
- 15 ሚሊሜትር ግድም ክብ መቁረጫ። የተሳለ ጠርዝ ያለው የብረት ቱቦም ይሆናል
- ባለ 1 ሚሊሊትር፣ 100 መስመር የኢንሱሊን ሲሪንጅ። 2 መስመር ማለት 20 ማይክሮሊትር ነው
- ማይክሮስኮፕ፣ ስላይድ፣ የእጅ ማጉያ መነጽር
- ፍሪጅ፣ ቴርሞሜትር፣ የበረዶ ሳጥን
- ወረንጦ፣ ሻሽ፣ ሶፍት፣ 70 በመቶ አልኮል፣ የማይለቅ እስክሪብቶ፣ ደብተር
- ጓንት፣ ማስክ፣ የዓይን መከላከያ መነጽር፣ ጋዋን

ማስጠንቀቂያ

ዱቄት ስትመዝኑ ማስክና መነጽር ይኑራችሁ፤ መስኮት ክፈቱ፣ ግን ነፋስ የሚያበንነው ቦታ ላይ አትመዝኑ። ዕቃዎቹን ወደ ማድ ቤት መልሳችሁ አትውሰዱ። ናሙና የሚቀመጥበት ፍሪጅ ምግብ አይቀመጥበት።

ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ለጎረቤት ማሳ ነው። በእጃችሁ ያለው ሕያው በሽታ ነው። ከአንድ ወረዳ የለመደ ዝርያ ይዛችሁ ሌላ ወረዳ ላይ ብትጥሉት እዚያ ያልነበረ ችግር ታስገባላችሁ። ናሙናውን በተወሰደበት አካባቢ ፈትሹት። ሲያልቅ ቅጠሉን ሁሉ አቃጥሉ ወይም ቀቅሉ። ውጭ ክምር ላይ አትጣሉት።

አሠራሩ

1. የመፈተሻ ተክሉን አስቀድሙ። በሽታው ከመታየቱ 6 ሳምንት ግድም በፊት ንጹሕ ዘር ድንች በባልዲ ትከሉ። ዝርያው ምች በቀላሉ የሚይዘው ይሁን። በሻሸመኔ አካባቢ «ነጭ አበባ» የሚባለውን ዓይነት የአገር ዝርያ ማለቴ ነው። በለጠን የመሰለ ምችን የሚቋቋም ዝርያ አትጠቀሙ። ቅጠሉ ራሱ በሽታውን ካገደው መድኃኒቱ ያገደው ይመስላችኋል። ባልዲዎቹን ከሚረጭ ማሳ አርቁ፤ ከላይ ውሃ አታጠጧቸው።

2. ናሙና ሰብስቡ። ከአንድ ማሳ ቢያንስ 10 ቅጠል ውሰዱ። ከአንድ ጥግ ሳይሆን ማሳውን በሰያፍ እያቋረጣችሁ፣ ከተለያየ ተክል። እያንዳንዱ ቅጠል አንድ ቁስል ብቻ ይኑረው። ቁስሉ ትኩስ፣ ዙሪያው ገና አረንጓዴ የሆነ ይሁን፤ በደረቀው ውስጥ ሕያው ተሕዋስ ማግኘት ያስቸግራል። አንድ ቁስል ብዙውን ጊዜ ከአንድ የበሽታው ዝርያ የመጣ ነው። አሥሩን ቁስል በአንድ ላይ ብታጥቡ፣ ከመካከላቸው አንድ የለመደ ቢኖር ማሳው በሙሉ የለመደ ያስመስለዋል። ስለዚህ እስከ መጨረሻው ድረስ አትቀላቅሉ።

3. አቀዝቅዛችሁ አድርሱ። እያንዳንዱን ቅጠል በረጠበ ሶፍት ጠቅልላችሁ ለየብቻ አሽጉት። ላዩ ላይ ቀን፣ ቀበሌ፣ የድንቹ ዝርያ፣ የመጨረሻው ርጭት መቼና በምን እንደነበር ጻፉ። በበረዶ ሳጥን ይሂድ፣ በረዶው ግን ቅጠሉን አይንካው። መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ የቆየ ናሙና የሞተ ናሙና ነው።

4. በንጹሕ ቅጠል ላይ አንድ ዙር አሳልፉት። ይህን ደረጃ ለመዝለል የሚፈተን ብዙ ነው። አትዝለሉት። ከማሳ የመጣ ቅጠል ላይ የማንኮዜብ ቅሪት ይኖራል። ስፖሩን ስታጥቡ ቅሪቱም አብሮ ታጥቦ ወደ ፍተሻው ይገባል። ስለዚህ መጀመሪያ ናሙናውን ከሥሩ እርጥብ ሶፍት ባለበት ዝግ ሳህን ውስጥ ሌሊቱን አሳድሩት። ጠዋት ነጭ ሻጋታ ያወጣል። ሻጋታውን በትንሽ ጠብታ ውሃ አንስታችሁ ካልተረጨው ተክል በተቆረጠ ቅጠል ጀርባ ላይ አድርጉ። ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ክፍል አስቀምጡት። ከ5 እስከ 7 ቀን ውስጥ አዲስ ሻጋታ ይወጣል። የምትፈትሹት ይህንን አዲሱን ነው።

5. መድኃኒቱን በጥብጡ። ሦስት ዓይነት ውሃ ያስፈልጋችኋል። አንዱ ምንም የሌለበት፣ ሁለተኛው በሊትር 5 ሚሊግራም፣ ሦስተኛው በሊትር 100 ሚሊግራም ሜታላክሲል ያለበት።

መጀመሪያ ብርቱውን ሥሩ። ንጹሕ ሜታላክሲል ከሆነ 100 ሚሊግራም መዝናችሁ ለ1 ሊትር የተጣራ ውሃ ጨምሩ። ሜታላክሲል በውሃ ይሟሟል፣ ግን ዝግ ይላል። ሌሊቱን እየተማሰለ ቢያድር ጥሩ ነው። 35 በመቶ ዱቄት ከሆነ 286 ሚሊግራም ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ከዚያ ውስጥ ሜታላክሲሉ 100 ሚሊግራም ብቻ ነው። መለያው ሌላ መቶኛ ካለው ስሌቱ ቀላል ነው፤ 100 ለመቶኛው ይካፈላል፣ ከዚያ በ100 ይባዛል።

ቀጥሎ ከብርቱው 50 ሚሊሊትር ወስዳችሁ ጠቅላላው 1 ሊትር እስኪሞላ ውሃ ጨምሩበት። 5 ሚሊግራሙ ይኸው ነው። 5 ሚሊግራም ዱቄት በቀጥታ ለመመዘን አትሞክሩ፤ ሚዛኑ ይሳሳታል።

ለማቅለጥ ዲኤምኤስኦ ወይም ሌላ ፈሳሽ ከተጠቀማችሁ፣ መድኃኒት በሌለበት ውሃ ውስጥም ያንኑ መጠን ጨምሩ። አለበለዚያ ሻጋታውን ያስቀረው መድኃኒቱ ይሁን ማቅለጫው አይለይም።

6. ቅጠሉን ቁረጡ። ከተክሉ መካከል ያለውን ቅጠል ተጠቀሙ። የላዩ ገና ለጋ ነው፣ የታችኛው አርጅቷል፤ ሁለቱም ውጤቱን ያዛባሉ። ክቦቹን ዋናውን ጅማት እየሸሻችሁ ቁረጡ። ለአንድ ናሙና በእያንዳንዱ መጠን 6 ክብ ያስፈልጋል። ሁሉንም አንድ ትልቅ ሳህን ውስጥ ቀላቅሉና ከዚያ አከፋፍሉ። አንዱ መጠን ላይ የአንድ ተክል ቅጠል ብቻ እንዳይከማች ነው።

7. አንሳፍፉ። በእያንዳንዱ ፔትሪ ዲሽ 15 ሚሊሊትር ግድም አድርጉ። ክቦቹን ጀርባቸውን ወደ ላይ አድርጋችሁ አንሳፍፉ። የቅጠሉ ጀርባ ምች በቀላሉ የሚገባበት ነው፤ ነጩም ሻጋታ በደንብ የሚታየው እዚያው ነው። ሥራውን መድኃኒት ከሌለበት ጀምሩ፣ ከዚያ 5፣ ከዚያ 100። በተቃራኒው ከሄዳችሁ በወረንጦው መድኃኒት ወደ ንጹሑ ታሻግራላችሁ። በክዳኑ ላይ ብቻ ሳይሆን በሳህኑም ላይ ጻፉ፤ ክዳን ይለዋወጣል።

8. ስፖሩን አጥባችሁ ቁጠሩ። በደረጃ 4 ያገኛችሁትን ሻጋታ በትንሽ የተጣራ ውሃ አጥባችሁ በሻሽ አጥልሉት። 10 ማይክሮሊትር ጠብታ፣ ማለትም በሲሪንጁ 1 መስመር፣ ስላይድ ላይ አድርጉና የሎሚ ቅርጽ ያላቸውን የስፖር ከረጢቶች ቁጠሩ። 200 ግድም ከሆኑ በሚሊሊትር 20,000 ነው፤ ልክ ነው። ከበዛ ውሃ ጨምሩ። ካነሰ ተጨማሪ ቅጠል እጠቡ። ቁጥሩ በጣም ሲበዛ መድኃኒቱ ተሸነፈ ያሰኛል፣ ሲያንስ ደግሞ በሽታው የተገታ ያስመስላል። ናሙናዎችን እርስ በርስ ማወዳደር የሚቻለው ቁጥራቸው ሲቀራረብ ነው።

9. ፍሪጅ ውስጥ አስገቡት። ከ1 እስከ 2 ሰዓት ከ4 እስከ 8 ዲግሪ ላይ ይቆይ። ብርድ ሲነካቸው ከረጢቶቹ ይከፈቱና የሚዋኙ ስፖሮች ይለቃሉ። ቅጠል ላይ ፈጥነው የሚበክሉት እነዚህ ናቸው። በማይክሮስኮፕ ሲንቀሳቀሱ ማየት አለባችሁ። ካላያችሁ ወይ ናሙናው ሞቷል፣ ወይ ውሃው ችግር አለበት።

10. ጠብታውን አኑሩ። በእያንዳንዱ ክብ መሐል 20 ማይክሮሊትር አድርጉ። በየመሐሉ ፈሳሹን ቀስ ብላችሁ አንቀሳቅሱት፤ ስፖሩ ወደ ታች ይዘቅጣል። ናሙና ስትቀይሩ ሲሪንጅም ቀይሩ።

11. አስቀምጡ። ከ15 እስከ 18 ዲግሪ፣ በቀን ከ12 እስከ 16 ሰዓት ብርሃን፣ ቀጥተኛ ፀሐይ በማይነካው ቦታ። እንደ ሆለታ ባለ ደጋ ክፍሉ በክረምት በራሱ ለዚህ ሊቀርብ ይችላል። ቆላ ላይ ግን ማቀዝቀዣ ያስፈልጋል። ቴርሞሜትሩን ጠዋትም ቀትርም አንብቡ። ሙቀቱ 25ን አልፎ ከዋለ ያ ዙር አይታመንም።

12. በ7ኛው ቀን አንብቡ። 5ኛው ቀን ላይ አንድ ጊዜ እዩ፣ ፍርዱ ግን በ7ኛው ይሁን። ሜታላክሲል ስፖሩ ቅጠል ላይ እንዳይበቅል እምብዛም አይከለክልም። የሚገታው ከገባ በኋላ ያለውን እድገትና አዲስ ስፖር ማውጣትን ነው። በ3ኛው ቀን የቡናማ ነጥብ ብቻ አይቶ «ለምዷል» ማለት የሚያሳስተው ለዚህ ነው። የምትቆጥሩት ነጭ ሻጋታ ያወጣውን ክብ ነው። የጠቆረ፣ ግን ሻጋታ የሌለው ክብ አይቆጠርም። በማጉያ መነጽር አረጋግጡ። ግራጫ ወይም አረንጓዴ ሻጋታ የሌላ ተሕዋስ ነው።

ውጤቱን ማንበብ

መጀመሪያ የምታዩት መድኃኒት የሌለበትን ሳህን ነው። ከ6ቱ ቢያንስ 5ቱ ሻጋታ ካላወጡ ውጤቱ ተሰርዟል። እንደገና ሥሩት።

- ሻጋታ በንጹሑ ውሃ ላይ ብቻ ከወጣ፦ ናሙናው በሜታላክሲል *የሚሸነፍ* ነው።
- በ5 ላይ ወጥቶ በ100 ላይ ካልወጣ፦ *መካከለኛ* ነው።
- በ100 ላይም ከወጣ፦ *የለመደ* ነው።

በ100 ላይ ወጥቶ በ5 ላይ ካልወጣ ስሕተት አለ፤ ምናልባት ሳህን ተለዋውጧል። በ100 ላይ ከ6ቱ አንዱ ብቻ በስሱ ቢያወጣ ፍርድ አትስጡ፣ ድገሙት። ደግሞም አንድ ጊዜ በተሠራ ፍተሻ ማንንም አትምከሩ። እያንዳንዱን ናሙና ሁለት ጊዜ ፈትሹት።

የሚቻል ከሆነ እንደሚሸነፍ አስቀድሞ የታወቀ አንድ ናሙና አብራችሁ አስኪዱ። እሱም በ100 ላይ ሻጋታ ካወጣ ችግሩ የመድኃኒቱ ነው፤ ወይ ተበላሽቷል፣ ወይ አመዛዘኑ ተሳስቷል። እንዲህ ያለ ናሙና ከየት እንደሚገኝ የአምቦ ወይም የሆለታ የግብርና ምርምር ማዕከል የዕፅዋት ጥበቃ ክፍልን ጠይቁ። ሄዳችሁ ከማምጣታችሁ በፊት ግን ስለ ዝውውሩ ፈቃድ ጠይቁ።

ከውጤቱ በኋላ ምን ይደረግ?

ከ10 ናሙና አንዱ የለመደ ቢሆን እና ስምንቱ የለመዱ ቢሆኑ እኩል አይደለም።

ሁሉም የሚሸነፉ ከሆኑ ችግሩ መጠኑ፣ ጊዜው ወይም አረጫጨቱ ነው። ወደ መጀመሪያው ክፍል ተመለሱ።

ጥቂት የለመዱ ካሉ ሜታላክሲል ገና ይረዳል፣ ግን ዕድሜው አጭር ነው። እያንዳንዱ ርጭት የሚሸነፉትን ገድሎ የለመዱትን ብቻ ያስቀራል። በአንድ ወቅት ከ2 ጊዜ በላይ እንዳይረጭ እመክራለሁ። እሱም በሽታው ከመታየቱ በፊት ወይም ገና ሲጀምር፣ ተክሉ እያደገ ባለበት ጊዜ፣ ሁልጊዜም ከማንኮዜብ ጋር ተቀላቅሎ።

አብዛኞቹ የለመዱ ከሆኑ በዚያ ወቅት ሜታላክሲል ያለበትን ሁሉ አቁሙ። እዚህ ላይ ገበሬው ገንዘቡን የሚያጣበት ወጥመድ አለ። የሱቅ ስም መቀየር መድኃኒት መቀየር አይደለም። ፍራክ የሚባለው ዓለም አቀፍ ኮሚቴ መድኃኒቶችን በአሠራራቸው ቁጥር ሰጥቷቸዋል። ሜታላክሲል፣ ሜታላክሲል-ኤም፣ ቤናላክሲል ሁሉም ቁጥር 4 ናቸው፤ አንዱን የለመደ ሌሎቹንም ለምዷል። ከሪዶሚል ወደ ማትኮ መሄድ ከ4 ወደ 4 መሄድ ነው። ስለዚህ መለያው ላይ የንጥረ ነገሩን ስም አንብቡ፣ ከሌላ ቁጥር ምረጡ። ማንዲፕሮፓሚድ እና ዳይሜቶሞርፍ 40 ናቸው። ሳይሞክሳኒል 27፣ ፕሮፓሞካርብ 28፣ ፍሉኦፒኮላይድ 43 ነው። ማንኮዜብ፣ ክሎሮታሎኒል እና መዳብ ብዙ ቦታ ከሚመቱት ወገን ስለሆኑ ለመከላከያነት መሠረት ይሁኑ። አዲሱንም ቢሆን እየደጋገማችሁ ለብቻው አትርጩ። በአውሮፓ ማንዲፕሮፓሚድን የለመደ የምች ዝርያ ተገኝቷል። ከመግዛታችሁ በፊት ምርቱ ለድንች የተመዘገበ መሆኑን እና ከመጨረሻው ርጭት እስከ ምርት መሰብሰብ የሚጠበቀውን ቀን ከመለያው አረጋግጡ።

ላቦራቶሪ ለሌላችሁ

ማሳ ላይ ሻካራ መልስ የሚሰጥ መንገድ አለ። ምች ከመግባቱ በፊት አራት ጠባብ መደብ ለዩ። አንዱ አይረጭ። አንዱ ማንኮዜብ ብቻ ይረጭ። አንዱ ሪዶሚል ይረጭ። አንዱ ከሌላ ቁጥር የሆነ መድኃኒት። ሁሉንም በአንድ ቀን፣ በመለያው መጠን ርጩ፣ ከዚያ በየሳምንቱ የተቃጠለውን የቅጠል መቶኛ ጻፉ።

የሚነግራችሁ ሪዶሚሉ ካልተረጨው መብለጡ አይደለም፤ ማንኮዜቡ ያንን ያደርገዋል። ሪዶሚል የተረጨውን ማንኮዜብ ብቻ ከተረጨው ጋር አወዳድሩ። ልዩነት ከሌለና ሌላው መድኃኒት ከሁለቱም በግልጽ ከበለጠ፣ ሜታላክሲሉ ሥራ እየሠራ እንዳልሆነ ጠርጥሩና ናሙና ወደ ፍተሻ ላኩ። ሁለቱ የሚይዙት ማንኮዜብ በሄክታር እኩል መሆኑን አስቀድማችሁ አስሉ፤ ካልሆነ ልዩነቱ የማንኮዜብ መጠን ልዩነት ሊሆን ይችላል። ያልተረጨው መደብ ትንሽ ይሁን። ለጎረቤት የበሽታ ምንጭ ስለሚሆን ክፉኛ ሲቃጠል ነቅላችሁ ቅበሩት።

ደጋግሞ የሚያጋጥም ስሕተት

- *ክቦቹ ተገልብጠው መገኘት።* ሳህኑን ስታነሱ ውሃው ይወዛወዛል። የተገለበጠ ክብ አይቆጠርም። ሳህኖቹን ትሪ ላይ አድርጋችሁ አንቀሳቅሱ።
- *የቧንቧ ውሃ።* ስፖር አይዋኝም፣ ንጹሑ ሳህን ላይም ሻጋታ አይወጣም። ይህን ስታዩ መጀመሪያ ውሃውን ጠርጥሩ።
- *ከመዳብ ዕቃ ጋር መገናኘት።* መዳብ ራሱ ምችን ይገድላል። ስፖር ያለበትን ውሃ በመዳብ ዕቃ አትያዙ።
- *የከረመ ብጥብጥ።* ባለፈው ዓመት የተሠራ ብጥብጥ ስንት እንደቀረበት አይታወቅም። ለየዙሩ አዲስ ሥሩ።
- *በወቅቱ መጨረሻ ብቻ መፈተሽ።* የለመዱት ብዛት በወቅቱ ውስጥ ይለዋወጣል። ሲረጭ ይጨምራል፣ ርጭቱ ሲቆም ሊቀንስ ይችላል። በነሐሴ የተገኘ ውጤት ለቀጣዩ ሰኔ ዋስትና አይሆንም። የመጀመሪያዎቹ ቁስሎች እንደታዩ አንድ ጊዜ፣ ከመጨረሻው ርጭት በኋላ አንድ ጊዜ ፈትሹ፤ ሁለቱንም ከርጭት መዝገቡ ጋር በአንድ ደብተር አስቀምጡ።